የጋራ ሰነድና የተማሪ ገመና

ካርቱምን የሚያውቁ አንባቢዎቻችን ሱቅ ዐረቢን ሳያስታውሱ አይቀሩም። በመሐል ከተማው፥ በታላቁ መስጊድና የተባበሩት መንግሥታት አደባባይ በሚባለው ስፍራ አጠገብ የተዘረጋው ይህ ገበያ፥ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ እስኪነሣ ድረስ፥ ወርቅ ሻጩም፥ ስልክ ጠጋኙም፥ ገንዘብ መንዛሪውም፥ በየጥጉ ሻይ የምታፈላውም ሴት በአንድነት የሚተፋፈጉበት የከተማው እምብርት ነበር። ከነዚህም ሁሉ መካከል ማመልከቻ የሚተይቡና ወረቀት የሚያባዙ ትንንሽ ሱቆች ነበሩ። እኛም በሥራ ምክንያት በዚያች ከተማ በተቀመጥንበት ዘመን ከነዚህ ሱቆች ወደ አንዱ እንመላለስ ነበርና፥ አንድ ነገር ሁልጊዜ ያስደንቀን ነበር። ባለጉዳዩ ወደ ጸሐፊው ጆሮ ጠጋ ብሎ ጉዳዩን በሹክሹክታ ይነግረዋል፤ ጸሐፊውም ራሱን እየነቀነቀ ይተይባል። ነገር ግን ጸሐፊው ጀርባውን ለደጁ ሰጥቶ ስለሚቀመጥ፥ ተራውን የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ያን በሹክሹክታ የተነገረውን ነገር ከስክሪኑ ላይ ቆሞ ያነበው ነበር። ባለጉዳዩ ይህን ልብ አይልም፤ ድምፁን ዝቅ ካደረገ ምሥጢሩ የተጠበቀ ይመስለዋልና።

ይህን ትዝታ ዛሬ ያነሣነው፥ በዘመናችን ተማሪዎችና አስተማሪዎች በአንድነት የሚጽፉበት «የጋራ ሰነድ» የተባለው ነገር በብዙ ረገድ ያን ሱቅ ስለሚመስለን ነው።

ወደ ፍሬ ነገሩ ከመግባታችን በፊት፥ አማርኛን በማጥናት ላይ ላሉት አንባቢዎቻችን ስለ አንድ ቃል ጥቂት እንበል። እንግሊዞች «ፕራይቬሲ» የሚሉትን ዛሬ በሕግና በመሥሪያ ቤት ጽሑፍ «ግላዊነት» እያልን እንተረጕመዋለን። ቃሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን አዲስ ስለ ሆነ በሰው ሆድ ውስጥ ገና አልገባም። አማርኛ ከጥንት የነበረው ቃል «ገመና» ነው። ገመና ማለት ነውር ማለት ብቻ አይደለም፤ ድህነትም፥ የቤት ጠብም፥ ሕመምም፥ ገና ያልበሰለ አሳብም ገመና ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ ራሱ ቢገልጠው ጉዳት የሌለበት፥ ሌላው ሲገልጠው ግን የሚያሳፍርና የሚጐዳ ነገር ሁሉ ገመና ነው። ስለዚህ «ገመናውን ሸፈነለት» ሲሉ ምስጋና፥ «ገመናውን አወጣበት» ሲሉ ደግሞ ወቀሳ ነው። እኛም አማርኛን በትምህርት ቤት ተማርነው እንጂ ከእናታችን ጡት ጋራ የጠባነው አይደለምና፥ ይህን ቃል ባገኘን ጊዜ ደስ ብሎናል። የእናታችን ቋንቋ ትግርኛ የግል የሆነውን ነገር «ብሕታዊ» ይለዋል፤ ይህም በዱር ብቻውን ከሚኖረው «ባሕታዊ» ጋራ ከአንድ ሥር የበቀለ ቃል ነው። አማርኛ የሚሸፈነውን ነገር፥ ትግርኛ ግን ብቻውን የሚቆመውን ሰው አየ። ሁለቱም ለዛሬው ነገራችን ያስፈልጋሉ።

በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ስለ ኮሮና በሽታ በካርቱም የቤት መዋል ትእዛዝ ወጥቶ ድልድዮቹ በተዘጉ ጊዜ፥ ዴም በሚባለው ሰፈር በአንድ ቤት በረንዳ ላይ እናካሂደው የነበረው የማታ ትምህርት ተቋረጠ። ተማሪዎቹ ዐሥራ አንድ የኢትዮጵያና የኤርትራ ልጆች ነበሩ። አብዛኞቹ ቀን ቀን በሰው ቤትና በሻይ ቤት የሚሠሩ ሲሆኑ፥ ማታ ማታ እንግሊዝኛና የአማርኛ ድርሰት ይማሩ ነበር። ሁሉም ከሱቅ ዐረቢ የተገዛ አሮጌ ስልክ ነበራቸው። እኛም ትምህርቱ እንዳይቀር ብለን በጎግል ዶክስ አንድ ሰነድ ከፍተን፥ ሊንክ የሚባለውን የአድራሻ መስመር በዋትሳፕ ላክንላቸው። ከዐሥራ አንዱ አምስቱ የኢሜይል አካውንት ስላልነበራቸው፥ «ሊንኩ ያለው ሁሉ ማረም ይችላል» የሚለውን ፈቃድ መረጥን። ያ ምርጫ ምን ያህል ሰፊ በር እንደ ሆነ በጊዜው አላስተዋልንም።

ለማያውቁት አንባቢዎች የነገሩ አሠራር እንዲህ ነው። ሰነዱ አንድ ነው፤ ግን ብዙ ሰው በየስልኩ ከፍቶ በአንድ ጊዜ ይጽፍበታል። በአካውንቱ የገባ ሰው ስሙ በገጹ ላይ ይታያል፤ የሚጽፍበትም ቦታ በቀለም ይታወቃል። ሳይታወቅ የገባው ደግሞ «ስሙ ያልታወቀ» ተብሎ በአንድ የእንስሳ ሥዕል ይመሰላል። ከዚህም ሌላ፥ የተጻፈውና የተሰረዘው ሁሉ ከነሰዓቱ በሰነዱ ታሪክ ውስጥ ይቀመጣል፤ ለማረም የተፈቀደለት ሰውም ያን ታሪክ ወደ ኋላ እየገለጠ ሊያይ ይችላል።

መጀመሪያ ላይ እጅግ ደስ ብሎን ነበር፤ ውሸት አንናገርም። አንዱ የሌላውን ፊደል ያርምለታል፥ አንዲቱ «ሀ»ንና «ኀ»ን ስታቀያይር ሌላዋ ከታች ትስቅና ታስተካክልላታለች፤ በበረንዳው ላይ ዝም ይሉ የነበሩት እንኳ ጻፉ። በሁለተኛው ሳምንት ግን አንድ ነገር አየን። እኛ ወደ ሰነዱ ገብተን ስማችን ብቅ ባለ ቍጥር፥ ይጽፍ የነበረው ሁሉ ቀጥ ይል ነበር። አንዱን ልጅ ለብቻው በስልክ ምክንያቱን ብንጠይቀው፥ «መምህር፥ ስምዎ ሲታይ እጄ ይታሰራል፤ ስሕተቴን ሳልጨርሰው ያዩታል» አለን። ስሕተትን ሳይጨርሱት መታየት የሚለውን አነጋገር ከዚያ ቀን ጀምሮ አልረሳነውም። እኛ በልጅነታችን በተማርንበት የሚስዮን ትምህርት ቤት አስተማሪው በየወንበሩ መካከል ሲመላለስ ጥላው በደብተራችን ላይ ሲያርፍ እርሳሳችን የሚቆመው ስለዚህ እንደ ነበር ያን ጊዜ ገባን። ያ ጥላ ግን ያልፍ ነበር። የጋራ ሰነዱ አስተማሪ አያልፍም።

እጃቸው እንዳይታሰር ብለን ከዚያ በኋላ እነርሱ በሚጽፉበት ሰዓት መግባት ተውን። በፈንታው ግን የባሰ ነገር አደረግን፤ ማለዳ ማለዳ የሰነዱን ታሪክ እየከፈትን ማን ምን እንደ ጻፈና መቼ እንደ ጻፈ እናይ ጀመር። እነርሱ ይህን አያውቁም ነበር። አንዲት የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሁልጊዜ የምትጽፈው ከሌሊቱ ሰባትና ስምንት ሰዓት ላይ እንደ ሆነ ስላየን፥ አዝነንላት፥ «ለምን ሌሊት ትጽፊያለሽ? አሠሪዎችሽ ቀን ጊዜ አይሰጡሽምን?» ብለን ጻፍንላት። እርስዋም ወዲያው ደውላ፥ በፈራ ድምፅ፥ «ማን ነገረዎት?» አለችን። ማንም አልነገረንም፤ ሰነዱ ነገረን። በቅን ልብ የጠየቅነው ጥያቄ፥ በር ሳናንኳኳ ወደ ሰው ቤት እንደ መግባት መሆኑን ያስተዋልነው ከተጠየቀችው ድምፅ ነው።

የከፋው ግን ከዚህ በኋላ መጣ። የቤት መዋሉ ትእዛዝ ቀርቶ ገበያው ከተከፈተ በኋላ፥ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ፥ ከተማሪዎቹ አንዱ የራሱን ድርሰት ለማሳተም ሊንኩን ይዞ ወደ ሱቅ ዐረቢ ሄዶ በአንድ የትየባ ሱቅ ኮምፒዩተር ከፈተው። ኮምፒዩተሩ ሊንኩን እንደ ያዘ ቀረ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ማታ በሰነዱ ላይ ስም የሌለው አንድ የእንስሳ ሥዕል ብቅ አለ። ተማሪዎቹ እኛ የመጣን መስሏቸው «መምህር፥ ዛሬ ደግሞ አውሬ ሆነው መጡ» እያሉ ይቀልዱ ነበር። እኛ ግን ከስማችን ጋራ በሌላ ቦታ ቁጭ ብለን እናያቸው ነበርና፥ ያ ሥዕል ማን እንደ ሆነ አላወቅንም። አካውንት ከሌላቸው ከአምስቱ አንዱ ይሆናል ብለን ጠየቅን፤ ማናቸውም አልነበሩም።

በዚያው ሳምንት «ሳምንቴ» የሚል የድርሰት ርእስ ሰጥተን ነበር። ያች ሌሊት የምትጽፈው ልጅ በሰነዱ መጨረሻ ላይ፥ ከዚያ ድረስ ወርዶ የሚያነብ አስተማሪዋ ብቻ መስሏት፥ የምትሠራበት ቤት አራት ወር ደመወዝ እንዳልከፈላት ጻፈች። ከክፍል ጓደኞችዋ አንዲቱ አንብባ አዘነችላት፤ ከኀዘንዋም የተነሣ ለአክስትዋ ነገረች፤ አክስቲቱም ልጅቱን ወደዚያ ቤት ያስገባውን ደላላ ታውቀው ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፥ በሦስተኛው ቀን ደላላው መጥቶ ልጅቱን «ስለ ሰዎቹ በኢንተርኔት የምትጽፊው ምንድን ነው?» አላት። እርስዋም ሮጣ የጻፈችውን ሰረዘች። እኛም ለማጽናናት «ጠፍቷል፥ አይዞሽ» አልናት፤ ነገር ግን እውነት አልተናገርንም፤ የተሰረዘው ሁሉ በታሪኩ ውስጥ ነበርና። ከዚያ ማታ በኋላ ወደ ትምህርቱ አልተመለሰችም፤ የስልክ ቍጥርዋንም ቀየረች።

በዚህ ነገር ደላላውን ብቻ ብንወቅስ፥ ወይም ሊንኩን በሱቁ የረሳውን ልጅ ብንወቅስ፥ ራሳችንን ማታለል ይሆንብናል። ጥፋቱ የእኛ ነበር። ተማሪዎቹ እርስ በርሳቸው ሊተያዩ የማይገባቸውን ነገር በአንድ ገጽ ላይ አጻፍናቸው፤ እኛ ደግሞ ስንታይ ማየት ሲገባን ሳንታይ አየናቸው። የጋራ ሰነድ ሁለት በር አለው እንላለን፤ አንዱ በጓደኛና በጓደኛ መካከል ያለው፥ ሁለተኛው በአስተማሪና በተማሪ መካከል ያለው ነው። የመጀመሪያው ካልተፈቀደ በቀር ተዘግቶ መቆየት አለበት። ሁለተኛው ክፍት ይሁን፤ ነገር ግን አስተማሪው ሲገባ ያንኳኳ።

ይህ በስደት አገር ብቻ የሚደርስ ነገር አይምሰለን። በአገራችን ትምህርት ቤቶች የተማሪው ማርክና ደረጃ የሚሰፍርበት ሮስተር ጥንት በአስተማሪው መሳቢያ ይቀመጥ ነበር፤ ዛሬ ግን በቴሌግራም ቡድን ላይ ከነስሙ ተለጥፎ የምናይበት ጊዜ አለ። ወላጁ የልጁን ማርክ ለማየት ሲፈልግ የሠላሳ ዘጠኝ የሰው ልጆችን ማርክ አብሮ ያያል። በእኛ ልጅነት ደግሞ የወላጆች ቀን ደረጃ በድምፅ ይነበብ ነበር፤ የመጨረሻውም ልጅ ስሙ ሲጠራ እናቱ ነጠላዋን ወደ ፊትዋ ስትስብ አይተናል። ይህ ጥሩ ልማድ ነበር የሚሉ ሽማግሎች አሉ፤ እኛ አንስማማም።

በግንቦት 2008 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በማኅበራዊ መገናኛ ሾልኮ ወጥቶ፥ ፈተናው ተሰርዞ ወደ ሐምሌ መተላለፉን ሁሉም ያስታውሳል። ሱዳንም እንዲሁ በ2013 ዓ.ም. ሰኔ የብሔራዊ ፈተናዋ ወረቀት እንዳይሾልክ ስትል በፈተናው ሰዓት የስልክ ኢንተርኔት ትዘጋ ነበር፤ በሱቅ ዐረቢ ገንዘብ በስልክ የሚልከውም ስልክ ጠጋኙም አብረው ሥራ ይፈቱ ነበር። እንግዲህ መንግሥታት የፈተናውን ወረቀት ለመጠበቅ ይህን ያህል ይደክማሉ። የተፈታኙን ስም፥ ማርክና የልቡን ጽሑፍ ለመጠበቅ ግን የዚህን እሩብ ያህል ሲደከም አላየንም። በእርግጥ አሁን የብሔራዊ ፈተና ተፈታኝ የመለያ ቍጥሩን አስገብቶ የራሱን ውጤት ብቻ እንዲያይ መደረጉ መልካም ጅምር ነው፤ በግድግዳ ላይ በተለጠፈ ዝርዝር ፊት ለመጋፋት ከተገደዱት ከእኛ ይልቅ የዛሬዎቹ በዚህ ረገድ ዕድለኞች ናቸው።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕጉ አለ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በ31ኛው አንቀጽ፥ በምሥጢር የተጻፈለትን ደብዳቤ የተቀበለ ሰው ያለ ጸሐፊው ፈቃድ ፍሬ ነገሩን እንዳይገልጥ ይከለክላል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት 26ኛ አንቀጽ የግል ሕይወትን መከበር ይደነግጋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 1321 ደግሞ የሰውን መረጃ የሚሰበስብ ሁሉ ለታወቀ ዓላማ ብቻ፥ ለዓላማውም የሚበቃውን ያህል ብቻ እንዲይዝ ያዝዛል፤ አፈጻጸሙንም የሚከታተለው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አስተማሪም ከተማሪው ድርሰት የሚቀበል ሰው ነው፤ ስለዚህ የ1952ቱ ሕግ ስለ ደብዳቤ የተናገረው ለእርሱም ምክር ሊሆነው ይገባል እንላለን።

ስለዚህ ጉዳይ በውጭ አገር የታየ አንድ ሙግት አለ። በአሜሪካ፥ በኦክላሆማ ግዛት፥ ኦዋሶ በምትባል ከተማ ተማሪዎች ወረቀት ተለዋውጠው እያረሙ የጓደኛቸውን ውጤት ጮኽ ብለው ለአስተማሪው ይናገሩ ነበርና፥ አንዲት እናት የልጆችዋ ምሥጢር ተገለጠብኝ ስትል ከሰሰች። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፥ እ.ኤ.አ. በ2002 ዳኞቹ ለትምህርት ቤቱ ፈረዱ። ምክንያታቸውም፥ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የተማሪን መዝገብ የሚጠብቀው ሕግ የሚመለከተው በትምህርት ቤቱ የተቀመጠውን መዝገብ ነው፤ ልጆች የሚተራረሙት ወረቀት አስተማሪው በመዝገቡ ካላሰፈረው ገና መዝገብ አይባልም የሚል ነው። እኛ ፍርዱን አንነቅፍም። ግን የወረቀት ዘመን ፍርድ ነው። በጋራ ሰነድ ተማሪው የጻፈው ቃል፥ ማንም ሳያርመው፥ ከጣቱ በወረደ ጊዜ ያኔውኑ ይመዘገባል፤ በረቂቅና በመዝገብ መካከል የነበረው ዕረፍት ጠፍቷል።

አሁን ስለ እናንተ ስለ ራሳችሁ፥ አማርኛ ስለምታጠኑት ክቡራን ባለሥልጣኖች እንናገር። እንበልና የአማርኛ አስተማሪያችሁ ለመሥሪያ ቤቱ ተማሪዎች ሁሉ አንድ የጋራ ሰነድ ከፈተ። አንድ የመምሪያ ኀላፊ የአክብሮቱን አነጋገር ከሴት አንቀጽ ጋራ አደባልቆ «ክቡር ሚኒስትር፥ እንደምን አደርሽ?» ብሎ ጻፈ። ይህ የተማሪ ስሕተት ነው፤ ማንም ቋንቋ ተማሪ ይሳሳታል፤ እኛም ከዚህ የባሰ ጽፈናል። ነገር ግን በዚያው ሰነድ ላይ ጸሐፊውና ሹፌሩ አብረው የሚማሩ ከሆነ፥ ኀላፊው ከዚያ ቀን በኋላ የሚያውቀውን ብቻ ይጽፋል፥ የማያውቀውን አይሞክርም። የማያውቀውን የማይሞክር ሰው ደግሞ ቋንቋ አይማርም።

መድኀኒቱ ከባድ አይደለም። ለየተማሪው የየራሱን ቅጂ መስጠት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ጎግል ክላስሩም «ለእያንዳንዱ ተማሪ ቅጂ አድርግ» የሚል ምርጫ አለው፤ ያን የመረጠ አስተማሪ ሠላሳ ሰነድ በአንድ ጊዜ ይከፍታል፥ ጓደኛና ጓደኛም አይተያዩም። ነገር ግን ይህን ልብ ይበሉ፤ ተማሪው ሥራውን ከማስረከቡ በፊትም ቢሆን አስተማሪው ያን ቅጂ ሊከፍት ይችላል። ስለዚህ ተማሪው ይህን በመጀመሪያው ቀን ሊነገረው ይገባል። የሚሻለው ተማሪው ረቂቁን በራሱ ደብተር ወይም በራሱ የግል ሰነድ ጽፎ፥ ሲጨርስ ብቻ ወደ ቅጂው እንዲያዛውር መፍቀድ ነው። እርማቱም በሁሉ ፊት በሚታይ አስተያየት ሳይሆን ለብቻው በሚደርሰው ይጻፍለት። ሁሉም አብረው መጻፍ ያለባቸው ሥራ ሲመጣ ደግሞ ርእሱ ስለ ገበያ፥ ስለ ዝናብ፥ ስለ ታሪክ ይሁን፤ ስለ ቤታቸው አይሁን።

ዛሬ ብዙ አስተማሪዎች የሰነዱን ታሪክ የሚመረምሩት፥ ተማሪው ራሱ ጻፈው ወይስ ማሽን ጽፎለት ገለበጠው የሚለውን ለማወቅ ነው። ጥርጣሬያቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ሆኖም አስቀድሞ ያልተነገረ ምርመራ ስለላ ይሆናል። መመርመር ካስፈለገ ተማሪው አጠገብ ተቀምጦ፥ ታሪኩ በእርሱ ፊት ይከፈት፤ ያን ጊዜ ስለ ሌሊት ስምንት ሰዓቱ ራሱ ይናገራል ወይም አይናገርም።

ስለ ማርክ ሠንጠረዥም አንድ ነገር እንጨምር፤ በየመሥሪያ ቤቱ የሥልጠና ክፍል ሲደረግ ያየነው ስሕተት ነውና። የሌሎቹን ረድፍ በመደበቅ ወይም በመቈለፍ ምሥጢር የተጠበቀ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። የተደበቀውን ረድፍ ለማረም የተፈቀደለት ሁሉ ሊገልጠው ይችላል፤ የተቈለፈውም ከመለወጥ ይጠበቃል እንጂ ከመነበብ አይጠበቅም። ማርክ ለየሰው ለየብቻው ይላክ፤ ሰነዱም በስም ለተጠሩት ብቻ ይከፈት እንጂ «ሊንኩ ላለው ሁሉ» አይከፈት።

በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የሱዳን ጦር ሠራዊት የመሐል ካርቱምን መልሶ በያዘ ጊዜ የሱቅ ዐረቢ ሥዕሎች ወጡ። ፎቆቹ ጠቍረው፥ መዝጊያዎቹ ተገንጥለው፥ መንገዱ ባዶ ሆኖ አየን። ያ የትየባ ሱቅ የነበረበት ተርታ የትኛው እንደ ነበር መለየት አልቻልንም። ኮምፒዩተሩም ተዘርፎ ወይም ተቃጥሎ ይሆናል። በዚያው ማታ ግን አካውንታችንን ከፍተን ብንፈልግ ሰነዱ እንደ ነበረ ነበር፤ የእንስሳው ሥዕል የመጣበት ማታም፥ የተሰረዘው የአራት ወር ደመወዝ ነገርም ከነሰዓቱ በታሪኩ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ሊንኩን ዘጋን። ከዚያም የየተማሪውን ድርሰት ለየብቻ ቀድተን፥ በካምፓላም በካይሮም በአዲስ አበባም አድራሻቸውን ላገኘናቸው ለዘጠኙ የየራሳቸውን ላክን፤ ዋናውንም ሰነድ ሠላሳ ቀን ቆይቶ ፈጽሞ ወደሚጠፋበት ቅርጫት ጣልነው። በሠላሳው ቀን ውስጥ አንዱ ልጅ አግኝቶን፥ «መምህር፥ የእርስዋን ድርሰት ምን አደረጉት?» ብሎ ጠየቀን። አልቀዳነውም አልነው።